ውሃ ዳገት የወጣበት ቅዳሜ

ጎንደር ውስጥ ያገኘኝ ሰው ሁሉ ስለ ጀልባዋ ይጠይቀኛል። «ታከለ፣ እስቲ ያን የነጮቹን ጉድ ንገረን፤ ጀልባ ከነውሃው ዳገት ይወጣል ያልኸውን» ይሉኛል። ሻይ ቤት ስገባ ይጠይቁኛል፣ ዕድር ላይ ይጠይቁኛል፣ ለቅሶ ቤት እንኳ አይምሩኝም። ስነግራቸው ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ «ኧረ ተው፣ ውሸትም ልክ አለው!» ይላል። ምስክር ሲያምራቸው ወደ ደሳለኝ ይዞራሉ፤ አብረን ነበርና። ደሳለኝ «ታከለ ያውቃል፣ እሱን ጠይቁት» ይልና ፊቱን ያዞራል። ለምን እንደሚያዞር የምናውቀው እኔ፣ እሱና ታላቅ ወንድሙ ብቻ ነን። እንግዲህ እዚያ አገር መቼም ለማትሄዱት መንገዱንም ውሃውንም ልጻፍላችሁ፤ የሠራሁትንም አልደብቅም።

ደሳለኝና እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት የውሃ ፓምፕ ጠጋኞች ነን። እሱ የአምባ ጊዮርጊስ ልጅ ነው፣ እኔ የአዘዞ። በደርጉ ዘመን ለአንድ ዓመት ሥልጠና ወደ ምሥራቅ ጀርመን ስንላክ እናቱ እማማ አንጓች እስከ ጎንደር ድረስ መጥተው ሸኙን። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል ልጃቸውን ትተው የእኔን እጅ ያዙ። «ታኬ፣ ይሄ ልጅ ደንጋጣ ነው። አንተ ጠና ያልህ ነህ። አደራህን» አሉኝ። «ግድ የለም እማማ» አልሁ። አቤት፣ እንዴት ቀላል ነገር መስሎኝ ነበር!

ለሥልጠናው አሠልጣኝ የተሰጠን ኩርት የሚባል ጡረታው የደረሰ ሽማግሌ ነው። የክረምቱ ዕረፍት ሲመጣ በገዛ እጁ በሠራት ጀልባ አምስት ቀን እንድንንሸራሸር ጋበዘን። ጉዞው ሐሙስ ሊሆን ረቡዕ ከሰዓት አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ከደሳለኝ ወንድም ከአያ ወርቁ። ያን ጊዜ ደብዳቤ ባለቤቱ ሳያየው ሌላ ሰው ያየዋል፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ አጭርና ደረቅ አድርጎ ነበር የሚጽፍ። ይኼም እንዲህ ይላል፦ «ጓድ ታከለ፣ እኛ ደህና ነን። እናታችን ደከም ብላለች። ለደሳለኝ በዘዴ ንገረው። በፍልሰታ ሁለተኛዋ ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ጎንደር ስልክ ቤት እንጠብቃለን፤ ይደውል።»

የእናት ነገር ለልጁ ሳይሆን ለጓደኛው ከተጻፈ የእኛ አገር ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ነው። እኛ ዘንድ ሞት በወረቀት አይጻፍም። ባለቤቱ አገሩ ይገባል፣ ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ጎህ ሲቀድ በሩን ያንኳኳሉ፣ ሰው ግራና ቀኙን ይዞት መርዶው ይነገረዋል። እማማ አንጓች ሞተዋል አልሁ። ሞተው በስልክ ሊያረዱት ነው! በሰው አገር፣ የስልክ እጀታ ጨብጦ፣ ማን ሊይዘው? ተናደድሁ። ደብዳቤውን ኪሴ ከተትሁና ያቺን ቅዳሜ ከስልክ አርቄ ውሃ ላይ ላውለው ቆረጥሁ። አደራ መጠበቄ ነበር እኮ።

ሐሙስ

ጠዋት ጀልባዋ ያለችበት ደረስን። ትንሽ ናት፤ አራት ጠባብ አልጋ፣ አንድ ምድጃ፣ ፊት ለፊቷ ላይ አግዳሚ። የኩርት ሚስት ኢልዘ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። እኔ አንድ እግሬን ጀልባዋ ላይ፣ አንዱን መሬት ላይ አድርጌ ሰላምታ ልሰጥ ስል ጀልባዋ ሸሸች። ራሴን አተረፍሁ፤ የግራ ጫማዬ ግን ውሃ ገባ፣ አልተመለሰም። በክረምት የኮላ ድባ ጭቃ ያልወሰደውን ጫማ የጀርመን ቦይ ወሰደው! ደሳለኝ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ኢልዘ ሮጣ የኩርትን የጎማ ቦቲ አመጣችልኝ፤ ሁለት እግሬን በአንዱ መክተት እችላለሁ። አምስቱን ቀን በሱ ስጎተት ሰነበትሁ።

ቦይ ስል ምን እንደሆነ ላስረዳ። ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ ተጠልፎ የፋሲልን መዋኛ የሚሞላውን ውሃ አስቡት። እሱን አስፉት፣ ጥልቅ አድርጉት፣ ከጎንደር እስከ ጎርጎራ ዘርጉት፣ ግራና ቀኙን ዛፍ ትከሉበት። ያን ሁሉ የሰው እጅ ነው የቆፈረው። ጣና ላይ ታንኳ የቀዘፈ ሰው ነፋስ ይለምናል፣ ማዕበል ይፈራል፤ እዚህ ውሃው ዝም ብሎ ተኝቷል። ላሞች ዳር ላይ ይግጣሉ፣ ሴቶች ከመስኮት እጃቸውን ያወዛውዛሉ፣ የእኛ ሞተር ቱፍ ቱፍ ትላለች። ሰው በእግሩ ቢቸኩል ይቀድመናል።

ደሳለኝ ኩርትን «አያ ኩርት» ብሎ ሰየመው። «አያ ምንድን ነው?» አለ ሰውየው። «ታላቅ ወንድም ማለት ነው» ስንለው ደስ አለውና ከዚያ በኋላ ስሙን ሲጠሩት አያ ካልተባለ አልሰማ አለ።

ምሳ ላይ ችግር መጣ። ደሳለኝ ፍልሰታን እጾማለሁ ብሎ ለእናቱ ቃል ገብቷል፤ ቅቤ የለ፣ ወተት የለ፣ ሥጋ የለ። ለኢልዘ ይኼን ለማስረዳት ያለን ጀርመንኛ ሁሉ አለቀ። በመጨረሻ ገባት። አዲስ ድስት ከሳጥን አወጣች፤ «ይህ ሥጋ ነክቶት አያውቅም» ብላ ድንች በዘይት ሠራችለት። ለአንድ ሰው ጾም ሲል ድስት የሚለይ ቤት እኛ አገርም ብዙ አይገኝ። ደሳለኝ እየበላ «እምዬ ይቺን ሴትዮ ባየች እኮ እግሯን ነበር የምትስም» አለኝ። ሳህኔን ገፋ አድርጌ ወደ ውሃው ዞርሁ።

ዓርብ

ዛሬ የውሃ በሮችን አየን። ቦዩ መሬቱ ሲያዘቀዝቅ አብሮ መፍሰስ አይችልም፤ ስለዚህ እንደ ደረጃ ከፋፍለው በር ሠርተውለታል። ጀልባዋ በሁለት በሮች መካከል ትገባለች፣ የኋላው ይዘጋል፣ ውሃው ይለቀቃል፣ እኛም ጉድጓድ ውስጥ እንደ ተለቀቀ ባልዲ ቀስ ብለን እንወርዳለን። ከዚያ የፊቱ ይከፈታል። በሩን የሚከፍቱት ባልና ሚስት እዚያው ዳር ላይ ቤት አላቸው። ሴትዮዋ ሁለት ጥቁር ሰው ስታይ እጀታውን ትታ ወደ ጓሮ ሮጠች። ፈራችን ብለን ስንሳቀቅ ፕለም የሚሉትን ፍሬ አንድ ሰፌድ ሙሉ ይዛ ተመለሰች።

ሦስተኛው በር ላይ ኩርት መሪውን ለደሳለኝ ሰጠው። ደሳለኝ ወገራ ላይ ትራክተር ነድቷል፤ ጀልባ ግን ፍሬን የላትም። ግድግዳውን ጫረው፤ በስድስት ክረምት የተሠራች ጀልባ ቀለሟ እንደ ድንች ልጣጭ ተላጠ። ደሳለኝ አመድ መሰለ። ኩርት ጎንበስ ብሎ አየና «አሁን የሁላችንም ሆነች» አለ፤ መሪውንም አልተቀበለውም። ሸጋ ሰው ነው። የእኛ አለቃ ቢሆን ኖሮ ስብሰባ ይጠራልን ነበር።

ለራት ኩርት እንግዳ አከብራለሁ ብሎ በጢስ የደረቀ ረጅም ዓሣ አቀረበ። ረጅም ስላችሁ ክንድ የሚያህል፣ ጥቁር፣ እግር የሌለው፣ ክንፍ የሌለው። «ታከለ፣ ይሄ እባብ ነው» አለ ደሳለኝ በአማርኛ፣ ፊቱን ሳያጠቁር። «ዓሣ ነው ይላሉ» አልሁ። «እግዜር ይስጠው ጾሙን» ብሎ ወደ ድንቹ ዞረ። እኔ በይሉኝታ በላሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይጣፍጣል።

ከራት በኋላ ኢልዘ የልጇን ፎቶግራፍ አሳየችን፤ ደሳለኝም የእናቱን አወጣ። እማማ አንጓች ለፎቶው ብለው የተቆጡ ይመስላሉ። ኢልዘ ጣቷን ፎቶው ላይ አድርጋ «ዓይንህ የሷ ነው» አለችው። እኔ አየር እፈልጋለሁ ብዬ ወጣሁ። ኩርት ተከተለኝ።

ለአንድ ሰው ካልነገርሁት ልፈነዳ ነው። በሰባራ ጀርመንኛዬ ነገርሁት።

«ወረቀቱ ምን ይላል?» አለኝ።

«ደከም ብላለች ይላል።»

«ታዲያ ደክማ ይሆናላ።»

«አይ አያ ኩርት፣ እኛ አገር እንዲህ ሲጻፍ ሞታለች ማለት ነው። ለምን ለእኔ ጻፉ?»

«እኔ አላውቅም። ግን እናቱ የሱ ናት፤ ያንተ አይደለችም። ስጠው ወረቀቱን።»

ሳቅሁበት። ሞትን በፖስታ የሚላላክ ሕዝብ ስለ መርዶ ምን ያውቃል አልሁ በሆዴ። ትከሻዬን መታ አደረገኝና ወደ ውስጥ ገባ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ጠርጥሬ ነው የተመነጠርሁት።

ቅዳሜ

ያቺ ቅዳሜ። ጠዋት ፀሐይ ወጥታ ነበር። አንዲት ትንሽ ከተማ ዳር ቆምን፤ ኩርትና ኢልዘ ከፖስታ ቤት ለልጃቸው ሊደውሉ ነው። እኔ ከጀልባዋ እንዳንወርድ ምክንያት ስፈልግ ደሳለኝ ቀድሞኝ ወርዷል። በቦቲዬ እየተንገዳገድሁ ተከተልሁት።

ፖስታ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ቆመ። «ታኬ፣ እኔም እስቲ ጎንደር ልሞክር። ስልክ ቤት መልእክት እተዋለሁ፤ ለአያ ወርቁ ያደርሱለታል። ጾሙን እንደያዝሁ ይንገራት። ሳትሰማ ደስ አይላትም።»

«ቅዳሜ የጎንደር መስመር አይሠራም» አልሁት።

«ማን አለህ?»

«ባለፈው ሞክሬ የአዲስ አበባዋ ኦፕሬተር ናት ያለችኝ።»

ሞክሬ አላውቅም። ኦፕሬተርም አላነጋገርሁ። ደሳለኝ ግን እኔ ያልሁትን ተጠራጥሮ አያውቅም። «ምነው፣ እንዲያ ከሆነማ ምን ይደረግ» አለና ደረጃው ላይ ተቀምጦ ፀሐይ መሞቅ ጀመረ። እኔ «ቴምብር ልግዛ» ብዬ ገባሁ። በኪሴ ለአያ ወርቁ የጻፍሁት ደብዳቤ ነበር። «እግዚአብሔር ያጥናችሁ። የእማማን ነፍስ በአብርሃም ጎን ያኑርልን። ለደሳለኝ አልነገርሁትም፤ ስንመጣ ሽማግሌ ሰብስባችሁ በወጉ ትነግሩታላችሁ» ይላል። ቴምብሩን ልሼ ለጥፌ ሰጠሁ። ስወጣ ደሳለኝ «ለማን ነው?» አለኝ፤ «ለአጎቴ» አልሁት። አንድ ውሸት ከተወለደ ወዲያው ይወልዳል።

ከዚያ ወደ ጀልባ ማንሻው ሄድን። ጎንደሬዎች የምትጠይቁኝ ይኼ ነው፤ እነሆ። ቦዩ ከአንድ ገደል ሥር ይደርሳል። ገደሉ አናት ላይ ሌላ ቦይ አለ። መንገድ ቢሆን እንደ ሊማሊሞ ጠምዝዘው ይወጡት ነበር፤ ውሃ ግን አይጠመዘዝም። ስለዚህ የብረት ግንብ ሠሩ፤ የፋሲልን ግንብ ጎኑ ብታቆሙት የእኛው አንገቱን ቀና አድርጎ ነው የሚያየው። ግንቡ ውስጥ ውሃ የተሞላ ትልቅ የብረት ገንዳ አለ። ጀልባዎች እየዋኙ ይገባሉ፣ የገንዳው በር ይዘጋል፣ ገንዳው ከነውሃው፣ ከነጀልባው፣ ከነሰዉ ወደ ላይ ይነሳል። ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል። ዛፎቹ ወደ ታች ሲወርዱ ካላያችሁ መነሳታችሁን አታውቁም።

ኩርት በሌላው በኩል የሚወርዱትን ክብደቶች አሳየን። ጀልባ ቢገባ ባይገባ ገንዳው አይከብድም አለን፤ የገባው ጀልባ የክብደቱን ያህል ውሃ ገፍቶ ያስወጣልና። ፓምፕ ጠጋኝ ስለሆንን ወዲያው ገባን፣ አደነቅንም። ለእኔ ግን ከበደኝ። ያን ሁሉ ብረት ቀለል አድርጎ ያነሳው ማሽን ኪሴ ውስጥ ያለችውን ሦስት መስመር ወረቀት አላቀለለልኝም።

አናት ስንደርስ ታች ያለው አገር ሁሉ ተዘረጋ፤ ከጎንደር ከፍታ ላይ ቆሞ የደንቢያን ሜዳ እንደማየት ነው። ደሳለኝ ተነስቶ ቆመ። እንደ ሕፃን ይስቃል። «በስመ አብ! ውሃ ዳገት ወጣ! እምዬ ይሄን ብነግራት ‹ልጄን ምን አስነኩብኝ› ትላለች እኮ! አገሬ ስገባ መጀመሪያ የምነግራት ይሄን ነው። ሌላውን ሁሉ አቆየዋለሁ።» ኩርት አየኝ። እኔ የታችኛውን ሜዳ አየሁ። ያኔ ብነግረው ኖሮ፣ ያኔ እንኳ ወረቀቷን ብሰጠው፣ ፖስታ ቤቱ ገና አልተዘጋም ነበር።

እሑድና ሰኞ

እሑድ ዝናብ ሆነ። ቀኑን ሙሉ ጀልባዋ ውስጥ ተቀመጥን፤ የጣሪያው አንድ ጥግ ያንጠባጥባል፣ ያንንም አዲሱ የጾም ድስት ተቀበለው። ኢልዘ ሐሙስ የጀመረችውን ሰማያዊ የሱፍ ሻሽ ጨርሳ አጥፋ ለደሳለኝ ሰጠችው። «ለእናትህ። ደጋ ነው ብለኸኛል፣ ይበርዳታል።» ኩርት አልነገራትም ኖሯል። ሻሹን ሲያይ ተነሳና ያልተበላሸ ሞተር ሊጠግን ሄደ። ደሳለኝ ሻሹን ፊቱ ላይ አድርጎ አሸተተውና ሻንጣው ሥር ቀበረው። ሰኞ ማታ መኝታ ቤታችን ገባን። ቦቲውን ልመልስ ስል ኩርት «ያዘው፣ ክረምት አላችሁ» አለኝ።

ወደ አገር ስንመለስ

በጥር ጎንደር ገባን። አያ ወርቁ ቀድሞ ተዘጋጅቷል። የመጣን ዕለት ደሳለኝ እኔ ቤት አደረ፤ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ በሩን አንኳኩ። ሁሉም በወጉ ሆነ። ግራና ቀኙን ያዝነው። ጮኸ፣ ወደቀ፣ አነሳነው። እኔ እያለቀስሁ እንኳ በሆዴ «አደራዬን ተወጣሁ» እል ነበር። ይኼን ስጽፍ ያሳፍረኛል።

በማግሥቱ አምባ ጊዮርጊስ፣ ድንኳን ውስጥ፣ ደሳለኝ ድምፁ ሲመለስለት «መቼ ነው?» አለ።

«ጥቅምት መድኃኔዓለም ዕለት» አለ አያ ወርቁ።

«ጥቅምት?» አልሁ ሳላስበው። «ነሐሴ አይደለም እንዴ?»

አያ ወርቁ ቀና ብሎ አየኝ። ለቀስተኛው ሳሳ ሲል ሁለታችንንም ወደ ጓሮ ወሰደን።

«ነሐሴማ በሕይወት ነበረች» አለ። «ታማ ነበር። ድምፁን ልስማ ብላ አስጨነቀችን። ‹ለደሳለኝ አትጻፉ፣ ብቻውን ሆኖ አንብቦ ይደነግጥብኛል፤ ለታኬ ጻፉ፣ እሱ ቀስ ብሎ ይነግረዋል› ያለች ራሷ ናት። ቅዳሜ ዕለት በጭነት ማኪና፣ ጋቢና አስቀምጠን ጎንደር አወረድናት። ስልክ ቤቱ ሳይከፈት ደረስን። አግዳሚው ላይ ጋደም በይ ብንላት እምቢ፤ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ‹የእኔ ነው?› ትላለች። ሲዘጉ ልጅቱ ‹እማማ፣ ሰኞ ይሞክሩ› አለቻት። እሷ ‹ሥራ ይዞት ነው፣ ልጄ ሥራ ይወዳል› ብላ ተነሳች።»

ደሳለኝ ወደ እኔ አላየም። እኔም መሬት መሬት ነው የማይ።

«ከዚያ መስከረም ላይ ያንተ ደብዳቤ መጣ» አለኝ አያ ወርቁ። «ሰፈሩ ሁሉ ‹የደሳለኝ ደብዳቤ መጣ!› ብሎ እያወካ ገባ። ከአልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብዬ ከፈትሁት። ነፍሷን ይማር ይላል። እሷ ጆሮዋን ዘንበል አድርጋ ትጠብቀኛለች። ምን ልበል? ‹ደሳለኝ ደህና ነው፣ ጾሙን ይዟል፣ ሊመጣ ነው ይላል› ብዬ አነበብሁ። ‹ድገምልኝ› አለች። ደገምሁላት። ከዚያ ከእጄ ወሰደችው። ቀን ትራሷ ሥር ታደርገዋለች፣ ሰው ሲመጣ አውጥታ ታሳያለች። ማንበብ የሚችል ሰው ሲመጣ እኔ ቀድሜ እቀማለሁ። እስክትሞት አልተለያትም።»

«ምነው አያ፣ በሕይወት አሉ ብለህ ብትጽፍልኝ?» አልሁ።

«ምን ብዬ? ያለቀስህላት ገና በሕይወት አለች ብዬ? ዛሬ ነገ ስል ሞተች። አንተም ደግ አስበህ ነው።»

ደግ አስበህ ነው አለኝ! ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ጠብቅ የተባልሁትን አደራ በላሁት እንጂ ምን ጠበቅሁት?

አያ ወርቁ ከኮቱ ኪስ ደብዳቤውን አወጣ። እጥፋቱ ተበልቷል፣ ዳሩ ላይ የራስ ቅቤ ወዝ አለበት። ደሳለኝ ተቀብሎ ከላይ እስከ ታች አነበበው። ፖስታውን ገልብጦ ማህተሙን አየ።

«ይሄን የላክኸው ከዚያ ፖስታ ቤት ነው?»

«አዎ።»

«እኔ ደረጃው ላይ ሆኜ?»

«አዎ።»

ደብዳቤውን አጥፎ ከሰማያዊው ሻሽ ጋር አስቀመጠው። አልጮኸብኝም፣ አልተጣላኝም። ዛሬም በአንድ መሥሪያ ቤት ነን፤ ፓምፕ ስንፈታ መፍቻ ያቀብለኛል፣ ደህና አደርህ ይለኛል። ድሮ የሚለኝን «ታኬ» ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አልሰማሁትም። በስልክ ቤቱ በር ሳልፍ አግዳሚዋን አያለሁ፤ ሁልጊዜ የሚጠብቅ ሰው አይጠፋባትም። ለኩርት ደግሞ «ደክማ ነበር፣ ልክ ነበርህ» ብዬ ደብዳቤ ጀምሬ መጨረስ አቃተኝ።

ባለፈው እሑድ ዕድር ላይ አንድ አዲስ ሰው እንደ ልማዱ ጠየቀኝ። «ይሄ ጀልባ ከነውሃው ወደ ላይ ይወጣል የሚባለው እውነት ነው?» እኔ አፌን ስከፍት ደሳለኝ ከጥግ ቀድሞ መለሰ።

«እውነት ነው፣ ይወጣል» አለ። «ቅዳሜ ዕለት ነበር።»

ጋቢውን አስተካክሎ ወጣ።